ደርሶ፣ ባዶ መልስ

ባዶ መኪና ምሥጢር አያውቅም፤ ጉድጓድ በነካ ቁጥር ያወራል፤
ሰንሰለቱ ከሳንቃው ጋር፣ ሳንቃው ከብሎኑ ጋር ይማከራል፤
ከዘንዘልማ እስከ ጣና ወደብ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፦
«ናፍጣ ጠጣሁ፣ ጎማ በላሁ፣ ንፋስ ጭኜ መጣሁ» ይላል።

አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁት ይህን ዳማ አይሱዙ፤
መሄዱ እንጀራዬ ሲሆን፣ መመለሱ ነበር መዘዙ።

አንድ ማለዳ ዓባይ ድልድይ ላይ ከቢያድግልኝ ጋር ተላለፍን፤
ክላክስ ሰጠኝ፣ ክላክስ ሰጠሁት፣ እጅ አወዛወዝን፣ አለፍን።
እሱም ባዶ፣ እኔም ባዶ።
እሱ የሚከንፈው እኔ ካደርኩበት፣ ከወረታ ሩዝ ሊያነሳ፤
እኔ የምከንፈው እሱ ካደረበት፣ ከመርዓዊ ሽንኩርት ላነሳ።
ጭነት በየራስጌያችን ተቆልሎ አድሮ፣ ማንም ሳይነግረን ተነስተን ነዳን።
ከታች ዓባይ የሳቀብን መሰለኝ። «ማደሪያ የለው» እያልን የምናማው፣
እሱስ ግንድ ይዞ ነው የሚዞረው፤
እጃችንን አጣፍተን የምንዞረው
እኛ ነን።

ወደቡ ላይ ደግሞ የካፒቴን ስንሻው ጀልባ ከደልጊ ይገባል፤
የጤፉ ጆንያ ከድንጋዩ ላይ ሁለት ቀን ሦስት ቀን ፀሐይ ይሞቃል፤
ከአጥሩ ውጭ እኛ በባዶ እናልፋለን፣ ከአጥሩ ውስጥ «መኪና ጠፋ» ይባላል።
ደላላው አያልነህ ብቻ ያውቃል፤ አንዱን ስልክ በግራ ጆሮው ደብቆ፣
አንዱን በቀኝ፤ መኪናውን ከጭነቱ፣ ጭነቱን ከመኪናው ሰርቆ።

የወደቡ ጭነት መዝጋቢ ይታይሽ፣ እንደ ስሟ አንድ ነገር አሰበች፤
ከትምህርት ቤት የተጣለ ሰሌዳ በጋሪ አስመጥታ ከዘንባባው ግንድ ላይ ሰቀለች፤
ጠዋት ጠዋት በጠመኔ ጽፋ፣ በስልኳ አንስታ ለሁላችን ላከች፦

ጀልባ ከደልጊ፣ ጤፍ፣ ስምንት ሰዓት ይደርሳል።
መኪና ከመርዓዊ፣ ባዶ፣ ሰባት ተኩል ይመለሳል።
ቢያድግልኝ፣ ለወረታ፣ ግማሽ ሳንቃ ቦታ አለው።
ማንጎ ከዘጌ፣ አያድርም! ዛሬውኑ የሚወስድ ማነው?

ወር ሙሉ አየሁ እንጂ አልደወልኩም። «ባዶ ነኝ» ብሎ ማን ይናገራል?
ባዶነቱን ያወቁበት ሰው ዋጋው በአንድ ጀንበር ይረክሳል።
ኪስህ ባዶ መሆኑን ለነጋዴ፣ ሆድህ ባዶ መሆኑን ለዘመድ
አትነግርም፤ ሳንቃህንማ እንዴት? እንዲህ ነው ያደግነው፣ በልማድ።

እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ። ወደቡ በር ላይ ጎማ ስፈትሽ፣
የዘጌን ማንጎ በአካፋ እየዛቀች ወደ ገንዳ ስትጥል አየኋት፣ ይታይሽ።
አራት ቀን ጠብቆ ነበር። አራቱንም ቀን በባዶ አልፌው ነበር፤
ዝንብ እንኳ መልእክቱን ሰምቶ መጣ፤ እኔ ግን አይቼ አላየሁም ነበር።
ማታ ደወልኩ። አራት ፊደል ናት፤ ከጉሮሮዬ ግን እንደ ዓሣ አጥንት
ተሰንቅራ ነው የወጣች፦
«ይታይሽ፣ ባዶ ነኝ።»
አልሳቀችም። «ስንት ሰዓት?» አለች። ይኸው ነው፤ ሌላ የላትም ትምህርት።

ዛሬም ሁሉ አልሞላም። አንዳንድ ሌሊት ሰሌዳውን ዝናብ ያጥበዋል፤
አንዳንድ ሌሊት ደግሞ፣ አያልነህን የሚመስል፣ ጣት ያለው ዝናብ ይጠርገዋል።
ማለዳ፣ በጠመኔው ብናኝ እያስነጠሰች፣ እንደገና ትጽፈዋለች።

ትናንት ግን ድልድዩን ስሻገር መኪናዬ ዝም አለ፤
የሞላለት ሰው እንደሚያደርገው፣ አፉን ይዞ፣ ቀስ እያለ፤
ከሐይቁ አፍ ጉማሬ ሲተነፍስ ሰማሁ፣
አሥራ አንድ ዓመት ከጎኔ የነበረ፣ ያልሰማሁት።

ረዳቴ አጃናው ብቻ አኩርፏል፤ ድሮ ከወረታ እስከ መርዓዊ ድረስ
ሸራው ላይ ተዘርግቶ ነበር የሚሄድ፤ ዛሬ ጆንያ ወርሶታል መኝታውን በመልስ።
«መልሱስ ተገኘ» ይለኛል፣ ጉልበቱን አቅፎ ከጋቢናው ጥግ፣
«እንቅልፌን ግን ማን ይመልስ?»